መጀመሪያ ለደከመ

የመጀመሪያውን ሳህን ያነሳችው ቆሽቷ እርር ብሎ ነው። ሰው እንዴት በወንድሟ የመታሰቢያ ድንጋይ ፊት የውሻ ሳህን ያስቀምጣል? ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን፣ ጠርዙ የተጨረመተ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ያለበት። ግራ ቀኝ አየች። የመታሰቢያው ሜዳ እንደ ሁልጊዜው ጭር ብሏል፤ በረድፍ የቆሙ ድንጋዮች፣ አዲስ የታጨደ ሣር፣ በሩ ላይ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ የሚያንቀላፋ ዘበኛ። ውሃውን ደፋች፤ ሳህኑን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ቤት ይዛው ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ የወንድሟን ድንጋይ ልታጥብ ስትመጣ ሌላ ሳህን ተቀምጧል። ያንንም ወሰደች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። አስቀማጩ አይሰለችም፣ እሷም አትሰለችም። አባቷ አንደኛውን ሳህን ቀለም መበጥበጫ አደረጉት፤ ሌላውን የመሮ ማስቀመጫ። አንድ ቀን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ማነው ይሄ ሳህን የሚሰጥሽ? ድስትም ካለው ጠይቂልኝ» አሏት።

«ተወኝ አባዬ» አለች። ሳቋ መጥቶ ነበር፤ ግን ዋጠችው።

ንዴቷ ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ትፈርዱባታላችሁ።

አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። እሳቸው ይጠርባሉ፣ ያለሰልሳሉ፤ እሷ ፊደል ትቀርጻለች። በዚያ ሜዳ ላይ ከቆሙት ድንጋዮች አብዛኞቹ ከእነሱ ግቢ የወጡ ናቸው። የታላቅ ወንድሟ ድንጋይ የተሠራ ቀን አባቷ ስሙን ራሳቸው ሊቀርጹ መሮውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።  እሷ ከጎናቸው መጥታ መሮውን ተቀበለችና ስሙን በገዛ እጇ ቀረጸች።

እናቷንም እወቋቸው። ወንድሟ በሕይወት ሳለ በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር። ከሥራ የመጣ ሰው ደጃፉን ሲረግጥ እናቷ የውሃውን ጆግ አንስተው «መጀመሪያ ለደከመ» ይላሉ። እንግዳ ቢኖር እንግዳ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ቢኖር ሽማግሌ ይጠብቃል። ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም። እሷና ወንድሟ ልጆች ሳሉ፣ ቀድመው ለመጠጣት ሲሉ ብቻ፣ እስኪደክማቸው ግቢውን እየዞሩ ይሮጡ ነበር።

ከመርዶው ወዲህ ግን እናቷ ያቺን ቃል አልደገሟትም። ጆጉ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ የጠማው ይቀዳል። ሌላም ቃል ከቤቱ ጠፍቷል፤ «ውሻ» የሚለው። ወንድሟ በጦሩ ውስጥ ሥራው ፈንጂ የሚያነፈንፍ ውሻ ይዞ መንገድ ማጽዳት ነበር። መርዶ ይዞ የመጣው መኮንን ደግሞ፣ የጨነቀው ሰው እንደሚያወራው፣ «ውሻውን እየተከተለ ሳለ ነው» አለ። እናቷ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰሙት ይህችኑ ነው። «ልጄ ውሻ ሲከተል ሞተ። ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ በወንድሟ ድንጋይ ፊት የውሻ ሳህን ስታገኝ ምን ይሰማታል? ሰው ያላገጠባቸው ነው የመሰላት።

ሌባና ባለንብረት የተገናኙት በሥራ ቀን ነው። አዲስ ድንጋይ ለማስረከብ በፒክአፕ መጥታ ነበር። ሠራተኞቹ ድንጋዩን አውርደው ሲያበቁ ዞር ስትል፣ አንድ ሰው በወንድሟ ድንጋይ ፊት ቁጢጥ ብሎ ከኮዳ ውሃ ይቀዳል። አጠገቡ አፉን ሽበት የወረረው ትልቅ ውሻ ተጋድሟል።

በግራው በኩል መጣችበት። «ዛሬ ያዝኩህ» አለች።

ሰውየው ቀና አላለም። ውሃውን በዝግታ መቅዳቱን ቀጠለ።

«አንተን እኮ ነው!»

ውሻው ቀና አለ። ሰውየው ውሻውን አይቶ ዞረ፤ ሲያያት ተነስቶ ቆመና የእጁን ውሃ በሱሪው ጠረገ። «ይቅርታ እህቴ፣ በዚህ በኩል ጆሮዬ አይሰማም። በቀኜ ዙሪና እንደ ልብሽ ስደቢኝ።»

«ልሰድብህ ነው ያለህ ማነው?»

«ፊትሽ።»

በቀኙ ዞረች። ዞር እስክትል ድረስ ለሳምንታት ስታጠራቅመው ከከረመችው ስድብ ግማሹ ጠፋባት። «ይህን ሳህን እዚህ የምታስቀምጠው ለምንድን ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማስቀመጥስ መች ሆነልኝ። አንድ ሌባ አለ። ባስቀመጥኩ ቁጥር ይወስድብኛል። የጦር ክፍላችንን ሳህን ጨረሰው፤ ውሾቹ በየተራ መጠጣት ጀምረዋል።»

ፊቷ ፍም መሰለ። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። «ሌባው እኔ ነኝ» አለች።

ሰውየው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «ምን አደረግሽው ያን ሁሉ ሳህን?»

«አባቴ ቀለም ይበጠብጥበታል።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እሷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። በዚያ ሜዳ ላይ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወዲያውም ደንግጣ ድንጋዩን አየችው፣ ወንድሟ የሚቀየማት ይመስል።  

«በእኛ ሥራ» አለ ሰውየው፣ «ውሻው ይቀድማል፣ ሰው ይከተላል። እረፍት ሲሆን ደግሞ ውሻው ሳይጠጣ ያዡ ውሃ አይቀምስም። ይህ የአለቃ ሳህን ነው።»

«የማን አለቃ?»

«የወንድምሽ ውሻ ነዋ፣ ስሙ አለቃ ነው። በማዕረግ ሁላችንንም ይበልጣል እያልን እንቀልድ ነበር። ግን ቀልድም አልነበረም። አለቃ ቁጭ ካለ፣ እዚያ ጋ የተቀበረ ነገር አለ ማለት ነው፤ ማንም አንድ እርምጃ አይራመድም።»

«ወንድሜ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ጣቶቿን በአገጩ አመለከተ። በድንጋይ ብናኝ ነጥተዋል። «እህቴ ፊደል ቀራጭ ናት እያለ ስንቴ ጉራውን ነዝቶብናል። ድንጋዩን ሳየውም አውቄዋለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ፊደል ከሌሎቹ ትጠልቃለች። የቀረጸው ሰው እያለቀሰ ነው ብያለሁ።»

ያንን ከአባቷ በስተቀር ያስተዋለ ሰው አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ እሱም ፊቱን ወደ ሌላ አላዞረም፣ አይዞሽም አላላት። ቆሞ ጠበቃት።

ስትረጋጋ የሆነውን ነገራት። በማለዳ መንገድ ያጸዱ ነበር። አለቃና ወንድሟ ከፊት፣ እሱ ከራሱ ውሻ ጋር ከኋላቸው፣ ከዚያ ወታደር የጫኑ መኪኖች። አለቃ ቁጭ አለ። ወንድሟ እጁን አነሳ። ሁሉም ቆመ፣ መኪኖቹም ቆሙ። የተቀበረው ግን አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለተኛው ከመንገዱ ጠርዝ ነበር፤ ፈነዳ። ወንድሟና አለቃ አብረው ሄዱ።

«ከእኔ የተወሰደው ይቺ ጆሮ ናት» አለ። «ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ጠዋት ስነሳ ጫማዬን እያሰርኩ እነሱን አመሰግናለሁ። ሰው ሲሰማኝ ያበድኩ ይመስለዋል።»

«አይመስለውም» አለች።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ሳህን የሚያስቀምጥ ሰውና ሳህን የማታነሳ ሌባ በዚያ ሜዳ ላይ ይገናኙ ጀመር። እሷ ድንጋዩን ታጥባለች፣ እሱ ውሃ ይቀዳል፣ ሽበታሙ ውሻ ይተኛል። ውሻው ዕድሜው ስለገፋ ከሥራ ተሰናብቶ እሱ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ «ጡረተኛው» ይሉታል። ሰላምታ ቢሉት ሳይነሳ ጭራውን አንዴ ብቻ መሬት ላይ መታ አድርጎ ይመልሳል። እሷ ሰውየውን «ባለ ሳህኑ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ዘበኛው እየሰማ «ሌባዬ መጣች» ይላል። አብረው ሲሄዱ እሷ ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ናት፤ መቼ እንደለመደችው አታውቅም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከአባቷ ጋር ስትሄድ በቀኛቸው ስትዞርባቸው፣ «ምነው፣ በግራዬ ምን አለ?» ብለው ጠየቋት። 

ፍቅር እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ የሚሠራበት ግቢ ወሰዳት፣ አዲስ ሠልጣኞችንና ውሾቻቸውን ወደሚያስተምርበት። ከግቢው ጥግ ከትልቅ ዛፍ ሥር ትንሽ የአፈር ጉብታ አለች፣ ዙሪያዋ በጠጠር የተከበበች። አለቃ እዚያ ነው ያረፈው። ድንጋይ የለውም።

«ድንጋይ ልትቀርጪለት ትችያለሽ?» አላት። «የምለምንሽ ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። የእናትሽን ነገር ነግረሽኛል።»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ሠልጣኞቹ ከልምምድ ተመለሱ፤ ላብ በላብ ሆነው፣ አቧራ ለብሰው። ኮዳቸውን ፈቱ። ማንም ወደ አፉ አላስጠጋም። ሁሉም ጎንበስ ብለው ለውሾቻቸው ቀዱ፤ እየቀዱም በአንድ ድምፅ፣ ሰላምታ እንደመስጠት ያህል፣ «መጀመሪያ ለደከመ» አሉ።

ክው ብላ ቀረች።

«ወንድምሽ ነው ያመጣው» አላት፣ ፊቷን እያየ። «አንድ ቀን ውሃ አልቆብን፣ በኮዳው የቀረችውን ጉንጭ ለአለቃ ሰጠ። ጮህንበት። ‹የእናቴ ሕግ ነው› አለን። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሳይል የሚጠጣ የለም።»

«ለእናቴ ንገራት! ይህን ብትሰማ እኮ...»

«አልነግራትም።»

«ለምን?»

«በሟች ቃል ሚስት አልለምንም።»

ሁለቱም ደነገጡ። ጡረተኛው ሳይቀር ቀና አለ።

«ምን አልክ?» አለች።

«ምን አልኩ?»

«ሚስት አልክ።»

«ያው... የአፍ ወለምታ ነው።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማህም?»

አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እየሳቀም ነበር። «ልመጣ አስቤ ነበር» አላት። «እናትሽ ዘንድ። ግን ልጅሽ እንዲህ ብሎ ነበርና ልጅሽን ስጪኝ ማለት አይሆንልኝም። ቃሉ የራሷ ነው። በራሷ ጊዜ ትስማው። አንቺም አትንገሪያት፣ እባክሽ።»

እሷም እሺ አለች። እሺ ያለችውን ግን ሁለት ቀን አልጠበቀችም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነገር ለእሷ አይሆንም። «እማዬ፣ እነዚያ የውሻ...» ስትል እናቷ እጃቸውን አነሱ። «በዚህ ቤት ይህ ቃል አይነሳም ብያለሁ» አሉ። በዚያው አበቃ።

ድንጋዩን ግን ጀመረችው። አባቷ ትንሽ ግራጫ ድንጋይ መርጠው ራሳቸው አለሰለሱላት፤ ለማን እንደሆነ ነግራቸዋለች። «እናትሽ እንዳታይ» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። «አለቃ» የሚለውን ቀርጻ እንደጨረሰች፣ እናቷ ምሳ ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ሳያዩት እንዲያልፉ ሸራ ልታለብሰው ሮጠች፤ መሮጧ ነው ያጋለጣት።

«ማነው ይሄ?» አሉ እናቷ። «አለቃ ብቻ? የአባት ስም የለውም?»

አባቷ ሳል ጀመራቸው። ደግሞ የመከራ ነገር፣ ልክ በዚያች ሰዓት ባለ ሳህኑ ድንጋዩን ሊያይ ጡረተኛውን አስከትሎ በበሩ ገባ። እናቷ ውሻውን አዩ፣ የሰውየውን የወታደር ልብስ አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ሰውየውን አይቶ የቀላውን የልጃቸውን ፊት አዩ። ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«በልጄ እጅ» አሉ። «የወንድሟን ስም በቀረጸችበት መሮ።»

«እማማ...» አለ ኮፍያውን አውልቆ።

«አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«ከኋላው ነበርኩ እማማ።»

«ተረፍክ።»

«አዎ፣ ተረፍኩ።»

እናቷ የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጡ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «እግዜር ዕድሜ ይስጥህ። እናትህን ከእኔ ዓይነቱ ይሰውራት። ግን ልጄን ተውልኝ። አንዱ ልጄ ውሻ ተከትሎ ሄደ፤ ሌላዋ የውሻ ጠባቂ ተከትላ አትሄድም።»

አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ሁሉም ይለወጥ ነበር። ያቺን ቃል ያውቃታል፤ ምላሱ ላይ ናት። አልተነፈሰም። እጅ ነስቶ ወጣ።

በር ላይ ደረሰችበት፤ ተናዳለች፣ ታለቅሳለች። «ለምን ዝም አልክ? ለእኔ ስትል እንኳን?»

«አንድ ልጅ አጥታለች» አለ። «ሁለተኛዋን እኔ አልነጥቃትም። እናትሽ እያዘነች ብትመጪ ደስ ብሎን አንኖርም። አንቺም ታውቂዋለሽ።» ሩቅ ወዳለ ጣቢያ ለማሠልጠን እንደታዘዘ ነገራት። ከዚያ የአለቃን ሳህን ከትከሻው ቦርሳ አውጥቶ በእጇ አስያዛት። «እስክመለስ እንዳይደርቅ አደራ። ሌባን አደራ ማለት እብደት ነው ግን ሌላ ሰው የለኝም።»

እየሳቀች አለቀሰች። የዚያን ዕለት ድንጋዩን ሸራ አልብሳ ከግቢው ጥግ አስቀመጠችው። በየእሑዱም ሳህኑን ሞላች። ከእናቷ ጋር አንድ ማዕድ እየበሉ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

የመታሰቢያው ቀን ደረሰ። በየዓመቱ ቤተሰቦች ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ፤ የእያንዳንዱ ሟች ስም ሲጠራ የጦር ጓዶቹ «አለ!» ብለው ይመልሱለታል። መጨረሻ ላይ የውሻ ክፍሉ ይገባል፤ እናቷ ደግሞ ውሾቹ ከመግባታቸው በፊት ነጠላቸውን ሰብስበው እሷንም አስከትለው ይወጣሉ፣ ያውም ፊታቸውን አዙረው። ዘንድሮም ተነሱ። እሷ ግን ክንዳቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ዛሬ ብቻ ቆይልኝ። ለምኜሽ አላውቅም።»

እናቷ እጇን ሊያስለቅቁ ሲሉ የልጃቸውን ፊት አዩና ቀሩ። ቁጭ ግን አላሉም።

አንዲት ወጣት ሠልጣኝ ከውሻዋ ጋር ወደ ወንድሟ ድንጋይ መጣች። ጎንበስ ብላ ሳህኑን አስተካከለች፣ ውሃ ቀዳች። «መጀመሪያ ለደከመ» አለች። ከኋላዋ የቆሙት ሁሉ ደገሙት።

የእናቷ ክንድ በእጇ ውስጥ ሲደነድን ተሰማት። ከዚያ ክንዱ አመለጣት። እናቷ በሣሩ ላይ ቀጥ ብለው ወደ ሠልጣኟ ሄዱ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«መጀመሪያ ለደከመ ነው ያልኩት እማማ። ደንባችን ነው።»

«ከየት የመጣ ደንብ?»

«እኔንጃ፣ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው» አለች ልጅቷ። ለሠልጣኝ ከእሷ በፊት የነበረ ሁሉ ድሮ ነው።

«ከድሮ አይደለም» አሉ ከጎኗ የቆሙት የውሾቹ ሐኪም፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው። ድንጋዩን አመለከቱ። «የእሱ ነው። ‹የእናቴ ሕግ ነው› ይለን ነበር። እኔ ያን ቀን ከኋላ መኪናው ላይ ነበርኩ። ይህ ልጅ እጁን ባያነሳ ኖሮ እዚህ ቆሜ አላወራም። እናቱን አላውቃቸውም እንጂ ባገኛቸው የማመሰግናቸው ብዙ ነበረኝ።»

«እናቱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሐኪሙ ኮፍያቸውን አወለቁ።  ጎንበስ ብለው የእናቷን እጅ ሳሙ። እናቷ እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ ሌላኛውን እጃቸውን በሰውየው ጭንቅላት ላይ አሳረፉት፣ ልጅ እንደሚመርቁ።

 ቤት ሲገቡ እናቷ ጆጉን አነሱ፣ ያዙት፣ መልሰው አስቀመጡት። እሷም አልነካካቻቸውም። የሰሙትን ሰምተዋል፤ በራሳቸው ጊዜ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትኩሳት አልጋ ላይ ጣላት። አንድ እሑድ አለፈ፤ ሌላም ሊያልፍ ነው። በልቧ ያለው ሳህኑ ብቻ ነው፤ ደርቆ፣ አቧራ ሞልቶት። ትንሽ ሲሻላት ማንም ሳያያት ተነስታ፣ ፎጣ ተከናንባ ሄደች።

ሳህኑ ሞልቷል። ሞልቶ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ተፈትጎ ያብለጨልጫል። ድንጋዩም ታጥቧል።

ልቧ ዘለለ። መጥቷል ማለት ነው! ከዚያ ወዲያው ተናደደች፤ መጥቶ ነው እንዴ ሳይነግረኝ የሄደው? በሩን ልታይ ዞር ስትል፣ ከቧንቧው በኩል እናቷ ጄሪካን አንጠልጥለው፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ርሶ፣ ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

«ትኩሳትሽ ሳይወርድ ተነሳሽ?» አሉ።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ሳህኑ፣ ሳህኑ እያልሽ ስትቃዢ ነው የሰነበትሽው። መጀመሪያ የምግብ ሳህን መስሎኝ ሾርባ አመጣሁልሽ።» ጄሪካኑን አስቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሻው ፈንጂውን ሲያገኝ ልጄ ምን አደረገ?»

«እጁን አነሳ።»

«ሰዉ ቆመ?»

«ሁሉም ቆመ እማዬ።»

እናቷ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ያቺን የጠለቀችውን ፊደል። «እንግዲያው ውሻ ተከትሎ አይደለም የሞተው» አሉ። «ሰው አስቁሞ ነው። እኔም ደመ ከልብ እያልኩ ስንት ዘመን በድዬዋለሁ።» ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ያንንም ልጅ በድዬዋለሁ። ሰው እንዴት ተረፍክ ተብሎ ይወቀሳል? የልጄን ቃል ያውቃታል አይደል?»

«ያውቃታል።»

«አፉ ላይ እያለች ዋጣት?»

«በሟች ቃል ሚስት አልለምንም ነው ያለው።»

 «ጨዋ ነው» አሉ እናቷ። «ጥሪው። ያንንም ድንጋይ ጨርሺ። ከስሙ ሥር ቦታ አለው?»

ቦታ ነበረው። «መጀመሪያ ለደከመ» የሚለውን ከሥሩ ስትቀርጽ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ብናኙን በትንፋሻቸው እፍ ይሉላት ነበር። አሁን ድንጋዩ አለቃ ባረፈበት ዛፍ ሥር ቆሟል።

ባለ ሳህኑ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ጡረተኛው ከኋላው ያነክሳል። ቤት ውስጥ አባቷና አክስቷ ተቀምጠዋል፤ እሷ ጓዳ በር ላይ ቆማ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል። 

እናቷ ጆጉን አንስተው ብርጭቆ ሞሉ። አክስቷ ለእሷ መስሏት እጇን ዘረጋች። እናቷ በአጠገቧ አለፉ።

«መጀመሪያ ለደከመ» አሉ።

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በዚያ ቤት ያቺ ቃል ከተሰማች ዘመን ሆኗታል።

ሰውየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አልጠጣም። ውሻውን አየ፣ እናቷን አየ፣ ምን እንደሚያደርግ ቸገረው።

«ምን ታየኛለህ? ደንቡን የማላውቅ መሰለህ?» አሉ እናቷ። ከበሩ ኋላ አንዱን የተሰረቀ ሳህን አወጡ፤ ጠርዙ ላይ የአባቷ ቀለም አሁንም አለ። መሬት አስቀምጠው በራሳቸው እጅ ውሃ ቀዱበት። ጡረተኛው እናቷን ቀና ብሎ አያቸው፣ ከዚያ ጠጣ። ቤቱ ሁሉ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«አሁን አንተ ጠጣ።»

ጠጣ። ከመቸኮሉ የተነሳ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። እሷ ጓዳ በር ላይ ሆና፣ ለወንድሟ፣ ለአለቃ፣ ለዚያች ለተነሳች እጅ፣ በልቧ አመሰገነች።

እናቷ ወንበር ስበው በግራው ሊቀመጡ ሲሉ ቆም አሉ፤ ልጃቸው ሁልጊዜ በየት በኩል እንደምትሄድ አስተውለዋል መሰለኝ። ዞረው በቀኙ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ንገረኝ» አሉት። «መጀመሪያ ስለ ወንዱ ልጄ ትነግረኛለህ። ስለ ሴቷ ከዚያ ትጠይቀኛለህ።»